የጎደለችው ስንጥር

ክላርክስተን፣ ጆርጂያ
ሐምሌ 17 ቀን 2008 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ዳኘው፣

ይህ ደብዳቤ በሥራ ብዛት መካከል እንደሚደርስዎ አውቃለሁ። ወሩ ሐምሌ ነውና በሰፈራችን በሸዋ በር የተሰበሩ ጃንጥላዎች ከእግርዎ ሥር ተከምረው፣ ባለቤቶቻቸው በየሱቁ በረንዳ ተጠልለው «ጋሽ ዳኘው፣ የእኔ አልደረሰም?» እያሉ ሲያጣድፉዎ ይታየኛል። የወገብዎ ሕመም እንዴት ነው? ዐይንዎስ? ጋዜጣ የሚያነብልዎ አሁንም ባለሱቁ ሰብሐት ከሆነ፣ ይህንንም የሚያነብልዎ እሱ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ሰብሐት ወንድሜ፣ ረጅም ነውና ታገሠኝ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ካንተ የምፈልገው ነገር አለ።

ጋሼ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልዎም። ስልክ ስደውልም «ደህና ነኝ፣ ሥራም አለኝ» ከማለት አላለፍኩም። ዛሬ የምነግርዎ አንድ የሚያኮራ፣ አንድ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አለኝ። እርስዎ ጃንጥላ ሲቀበሉ መጀመሪያ በጣትዎ የሚፈልጉት የተሰበረውን ቦታ ስለነበር፣ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ።

የየሺእመቤት ቤተሰቦች የሸኙን ዕለት ትዝ ይልዎታል። ዲቪው የደረሰው ለእሷ ነበር፤ እኔ በባልነቴ ተከትያት የምሄድ ሰው ነበርኩ። እርስዎ ያንን ቡናማ ኮትዎን አሳጥበው፣ ሙጫ ያጠቆረውን ጥፍርዎን ከጠረጴዛው ሥር ደብቀው ከጥግ ተቀምጠዋል። ከአዲስ አበባ የመጡት አጎቷ ወደ እርስዎ እያመለከቱ «እኚህ አባት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ጃንጥላ ይጠግኑልናል» አልኳቸው።

በመካከላችን የነበረው ርቀት ሁለት ክንድ አይሞላም። እርስዎ አንድ ጊዜ አዩኝና ወደ ሰውየው ዞር ብለው «አዎ፣ የሰፈር ሰው ነኝ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ ልሰናበተው መጣሁ» አሏቸው። ውሸቴን እንዳይፈርስብኝ አጸኑልኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ራስዎን የሰፈር ሰው አደረጉልኝ። ያን ቀን የበላሁት ምን እንደነበረ አላስታውስም፤ ያቺን የእርስዎን አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን እስከ ነጥቧ አስታውሳለሁ።

እዚህም መጥቼ አልታረምኩም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰዎች «አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉኝ «ንግድ ነበረኝ» እላለሁ። «የምን ንግድ?» ሲሉኝ «የተለያየ ዕቃ» ብዬ ወሬውን እቀይራለሁ። ከአራተኛ ክፍል እንደቀረሁ እንዳይታወቅብኝ ቅጽ ሲሰጠኝ ቤት ይዤው እሄድና የሺእመቤት ትሞላልኛለች። የማውቀውን የአማርኛ አጻጻፍ ያገኘሁት እርስዎ ሽቦ ሲያቃኑ ጋዜጣ ጮክ ብዬ ሳነብልዎ፣ «ዐረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አትተንፍስ» እያሉ ሲያርሙኝ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ወደሚያኮራኝ ልለፍ።

የምሠራው ሎረንስቪል በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በጽዳት ነው። አለቃዬ እትዬ ተናኘወርቅ ይባላሉ፤ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ ደግና ቁጡ ሴት ናቸው። በማጸዳው ክፍል ሚስ ፉሚኮ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ጃፓናዊት ይኖራሉ። በወጣትነታቸው አንድ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ከአገራቸው ወጡ፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። አንዲት ሊንዳ የምትባል ልጅ አለቻቸው። መስኮታቸው ወደ ትንሽ ኩሬ ስለሚያይ ቀኑን ሙሉ ውኃውን ሲመለከቱ ይውላሉ።

ሊንዳ ባለፈው ጥር የእናቷን አሮጌ ቤት ስታፈርስ ከአንድ ሣጥን ውስጥ የሚታጠፍ ማራገቢያ አግኝታ አመጣችላቸው። ጋሼ፣ ነገሩን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁና ጃንጥላን በግማሽ ቆርጠው ያስቡልኝ። በሽቦ ፈንታ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥሮች፣ በጨርቅ ፈንታ ወረቀት አለው። ስንጥሮቹ ከታች በአንድ ችንካር ተይዘዋል። ሲዘጋ የአንድ ስንዝር ተኩል ዱላ ነው፤ ሲከፈት ወረቀቱ እጥፍ እጥፍ እያለ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይዘረጋል። በወረቀቱ ላይ ሥዕል አለ፤ ቀለሙ ጥቁር ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ሸምበቆዎች ጠቁረው ጎንበስ ብለዋል፤ በግራ ያለው ተራራ ከጭስ የማይለይ እስኪሆን ቀጥኗል። ሠዓሊው ውኃውን አልሣለውም። ወረቀቱን ባዶውን ትቶት ከላዩ ሁለት ቀጫጭን መስመር ብቻ አስኪዶበታል፤ ውኃ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሚስ ፉሚኮ ግን ማራገቢያውን ከፍተው ባዩ ቀን ጮኹ። «ሰውየው የለም። ሰውየው የት ሄደ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይከፍቱታል፤ ጠዋት ጠዋት ይጠይቃሉ። ለእኔም አንድ ቀን አልጋቸውን ሳነጥፍ ነገሩኝ። «አባቴ በጋብቻዬ ተቆጥቶ ወደብ ድረስ አልሸኘኝም። በዚህ ላይ ራሱን ሥሎ ላከልኝ። አንድ ጊዜ አይቼ ከመሳቢያ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። በጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ወደ እኔ ያይ ነበር። አንተ ነህ የወሰድከው?» አሉኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ማን ነው?»

ሊንዳ በሥዕሉ ላይ ሰው እንደሌለ እያሳየች ብታስረዳቸውም አላመኑም። ሠራተኛውን ሁሉ በሌብነት ይጠረጥሩ ጀመር። በሰኔ ወር ሐኪሙና የቤቱ ኃላፊዎች ተሰብስበው፣ ይህና ሌሎች ምልክቶች ተደማምረው አእምሯቸው መድከሙን ያሳያሉ አሉ። በቀጣዩ ሰኞ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ሦስተኛው ፎቅ በሩ በቁልፍ የሚዘጋ፣ መስኮቱ ከመኪና ማቆሚያ በቀር የማያሳይ ነው። እዚያ ወጥቶ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

ጋሼ፣ ይዛወራሉ ከተባለበት ሰኞ በፊት በነበረው ሐሙስ ክፍላቸውን ስጠርግ ማራገቢያውን አቀበሉኝ። «አንተም እይ» አሉኝ። ተቀበልኩ። አላየሁም፤ ዳሰስኩት። እጄ ሳላዝዘው አውራ ጣቴን በእጥፋቶቹ ላይ አስኬደው፤ ስንጥሮቹንም ቆጠረ። ከመካከሉ ሲደርስ ቆመ።

አንዲት እጥፋት ከሌሎቹ ወፈር ትላለች። ከዚያው ሥፍራ የውኃው መስመር በጥፍር ስፋት ያህል ዘሎ ይቀጥላል። ከታች ደግሞ ችንካሩ አጠገብ አንዲት ስንጥር የምትቆምባት ክፍተት አለች።

የመምህርት አረጋሽን ጃንጥላ ያስታውሱታል? ከእርስዎ ዘንድ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ክረምት ነበር። ከስምንቱ ሽቦ አንዱ ተሰብሮ፣ መለዋወጫ ስላጣሁለት አውጥቼ ጣልኩት። የተረፈውን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁት። ሲዘጋ ምንም አይታወቅበትም ነበር። እርስዎ ከፈቱት፣ በአውራ ጣትዎ ዙሪያውን ዳሰሱት፣ ከስፌቴም ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አልተቆጡም። «አምባዬ፣ የሴትዮዋን ጨርቅ ደብቀህባታል» አሉ። ከዚያ ጃንጥላውን አስይዘው ከቤቷ ድረስ ላኩኝና ያደረግሁትን በአፌ እንድነግራት አደረጉ፤ ስመለስም አዲስ ሽቦ አስቀጥቅጠው እንደገና አሠሩኝ።

ያንኑ ተንኮል አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በዚህ ማራገቢያ ላይ ሠርቶታል። አንዲት ስንጥር ተሰብራለች፤ ጠጋኙ አውጥቶ ጥሏታል፤ ሁለት ጣት የሚያህል ወረቀት ወደ ውስጥ አጥፎ ለጥፏል። የሚስ ፉሚኮ አባት ካሉ፣ ያሉት እዚያ እጥፋት ውስጥ ነው።

ያውቁኛል፤ ፈሪ ነኝ። በምሳ ሰዓት ለእትዬ ተናኘወርቅ ነገርኳቸው።

«ስማኝ አምባዬ» አሉኝ ሹካቸውን አስቀምጠው። «አንተ ሃውስኪፒንግ ነህ። ክፍል ክሊን ታደርጋለህ፣ ትወጣለህ። የሬዚደንት፣ የነዋሪ ዕቃ ላይ እጅህን ካገኙ ፋየር ያደርጉሃል፣ ትባረራለህ፤ እኔም ሴቭ አላደርግህም።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ አለ።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ማራገቢያው ላይ ያለው።»

እትዬ ተናኘወርቅ ሹካቸውን መልሰው አነሡ። «ይኸው፣ አንተንም ጀመረህ። ሰኞ ሁለታችሁንም አንድ ላይ ሙቭ አደርጋችኋለሁ» አሉ።

ቤት ገብቼ ለየሺእመቤት ነገርኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር። «ከሌለስ? ወረቀቱ ቢቀደድስ? የሴትዮዋን የአባት ዕቃ አበላሸህ ማለት ነው» አለች።

«እጄ አይዋሸኝም።»

«የነጋዴ እጅ?» አለችና ሳቀች። «ጌታው፣ የተለያየ ዕቃ ነጋዴ አልነበርክም እንዴ? ሊንዳ በምን አወቅህ ስትልህ ምን ልትላት ነው?»

ለቀልድ ያለችው ነው፤ ለእኔ ግን ቀልድ አልሆነልኝም። የፈራሁት ለካ ከሥራ መባረሩን ብቻ አልነበረም። ያቺን ጥያቄ ነበር የፈራሁት።

ቅዳሜ ሊንዳ የእናቷን ዕቃ በካርቶን ልታሽግ መጣች። ሚስ ፉሚኮ ማራገቢያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ኩሬውን ያያሉ፤ ዕቃቸው ከግድግዳ ሲወርድ ዞር ብለው አላዩም። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ በራፉ ላይ ቆምኩ። ከዚያ «ይቅርታ፣ ስለ ማራገቢያው የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። እንግሊዝኛዬ እንደሚያውቁት ደካማ ነው፤ ቢሆንም ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ አልተነፈስኩም። ወፍራሟን እጥፋት በጣቷ አስዳሰስኳት። የውኃውን መስመር አሳየኋት።

እየሰማችኝ ሳለ ፊቷ ተለወጠ፤ ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ይህንን በምን አወቅህ? ሥዕል ተምረሃል?»

እትዬ ተናኘወርቅ ከኋላዬ መጥተው ቆመው ነበር። የመጡት ሊጎትቱኝ ሳይሆን አይቀርም።

«አልተማርኩም» አልኳት። «እኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። ያሳደጉኝ አጎቴ ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው። ስንጥር ሲጎድል እጄ ያውቃል።»

ጋሼ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ እውነተኛ ሥራዬን ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የተናገርኩትም በሰው አገር ቋንቋ ነው። ምድር አልተከፈተችም። ሊንዳ «ጃንጥላ ጠጋኝ» ብላ ቃሉን ደገመችው፤ እንደ ሐኪም፣ እንደ መሐንዲስ አድርጋ ነው የጠራችው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ «እናቴ፣ ይክፈተው?» አለች።

«ክፈተው» አሉ ሚስ ፉሚኮ። ከዚያ በፊት የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

እትዬ ተናኘወርቅ በሩን ዘጉትና ጀርባቸውን ሰጥተውን ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመሩ። «ፈቃድ ከሰጠች እኔ ምንም አላየሁም። ግን ፈጠን በል» አሉኝ በአማርኛ።

አልፈጠንኩም። እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሞከርኩ። ጥጥ በሞቀ ውኃ አርሼ ጨምቄ በሸምበቆው ጫፍ ላይ አሳረፍኩት፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ተነሣ። ከዚያ እጥፋቷን ከጀርባዋ በጥቂቱ፣ በጥቂቱ አረጠብኳት። ጠጋኙ የተጠቀመው በውኃ በሚለቅ የዱቄት ሙጫ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቢያንስ በዚያ አልበደለም። ሚስ ፉሚኮ አንዱን ጫፍ ያዙልኝ። አርባ ደቂቃ ያህል እያረጠብኩ ጠበቅሁ። ሙጫው እጅ ሲሰጥ በጣቴ ተሰማኝ። የኪስ ቢላዋዬን ጀርባ አስገብቼ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ሰውየው እዚያ ነበሩ።

የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ጀልባ ውስጥ ተቀምጠዋል። የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል፤ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ ፊታቸውን ወደሚያያቸው ሰው መልሰዋል። በአምስት ወይም በስድስት የብሩሽ ጭረት የተሠሩ ናቸው፤ ሆኖም የደከማቸው መሆኑ ከትከሻቸው ይታወቃል። ብርሃን ሳያገኘው ስለኖረ በዚያች ሁለት ጣት ላይ ያለው ቀለም ከቀረው ሥዕል ይልቅ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ የተሠራ ይመስላል። የውኃው መስመር ከመስመሩ ጋር ገጠመ።

ሊንዳ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «አራት ዓመት ሳይሞላኝ መሳቢያ ውስጥ አግኝቼው ተቀመጥኩበት። አባቴ ለእናትሽ አትንገሪ ብሎኝ ወስዶ አሠራው። እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር።»

ሚስ ፉሚኮ ግን ልጃቸውን አልሰሙም። በራሳቸው ቋንቋ ለሰውየው የሆነ ነገር ነገሯቸው፤ ቁጣም ሰላምታም ይመስል ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ሁላችንንም በየተራ አዩንና በእንግሊዝኛ «ነግሬያችሁ ነበር» አሉ።

በዚያው ሳምንት ከቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ የቀርከሃ ማማሰያ ገዛሁ፤ ሰንጥቄ፣ ፍቄ፣ በመስታወት ስባሪ አልስልሼ የጎደለችውን ስንጥር ሠራሁ። ከሌሎቹ ቀለሟ ነጣ ይላል፤ ጊዜ ያጠቁራታል። ማራገቢያው አሁን ሙሉ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይከፈታል።

ሰኞ ሚስ ፉሚኮ ሦስተኛ ፎቅ አልወጡም። ሊንዳ ማራገቢያውን ስታሳየው ሐኪሙ እንደገና አነጋግሯቸው፣ መዛወሩ ለጊዜው እንዲቀር፣ ከሦስት ወር በኋላ እንዲታይ ጻፈ። ሁሉ ነገር ተቃና ብዬ አልዋሽዎም፤ ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ እኔንም በሌላ ሰው ስም ይጠሩኛል። ነገር ግን ከኩሬያቸው ፊት ናቸው፤ ሌባ የሚሉትም ሰው የለም። ጠዋት ማራገቢያውን ይከፍቱና አባታቸውን አይተው ይዘጉታል።

ለእኔ ደግሞ ከመሥመሬ ወጥቼ የነዋሪ ዕቃ በመንካቴ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተጻፈልኝ። ያመጡት እትዬ ተናኘወርቅ ናቸው። «ሳይን አድርግ» አሉኝ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ከመኪናቸው ኋላ ሁለት ሽቦው የተጣመመ ጃንጥላ አውጥተው ክንዴ ላይ ጣሉ። «ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ አላልክም? እሱን ፊክስ አድርግልኝ እስቲ። እዚህ አገር ሲሰበር ይጣላል፤ እኔ መጣል አልወድም» አሉኝ። አሁን ከቤታችን በራፍ ላይ የአራት ሰው ጃንጥላ ቆሞ ይጠብቀኛል። የሺእመቤት «ነጋዴው፣ ዕቃህ መተላለፊያውን ዘጋብን» ትላለች፤ ግን ስትለው ደስ ብሏት ነው።

ጋሼ፣ የሚስ ፉሚኮ አባት ልጃቸውን ሊሸኙ አልወጡም፤ ራሳቸውን ሥለው ላኩ። እርስዎ ግን መጥተው ነበር። ኮትዎን አሳጥበው መጥተው ነበር። አጥፌ የደበቅሁዎ እኔ ነኝ፤ ሲዘጋ እንዳይታወቅ አድርጌ። ስለዚህ እንደ መምህርት አረጋሽ ጃንጥላ፣ ያደረግሁትን በአፌ ልናገር ይገባኛል። አፌ ሩቅ ስለሆነ የሰብሐትን አፍ እዋሳለሁ።

ሰብሐት፣ ከዚህ በታች ያለውን ከመቀመጫህ ተነሥተህ፣ በረንዳው ላይ የተጠለለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለህ አንብብልኝ። ዝናቡ ከበረታ እስኪያባራ ጠብቅ።

እኚህ ሰው የእናቴ ወንድም አቶ ዳኘው ናቸው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ጃንጥላ መጠገን ነው፤ የተማርኩትም ከእሳቸው ነው። በዚህ ሥራ በባሕር ማዶ አንዲት አሮጊት ከአባታቸው ጋር ተገናኝተዋል።

ጋሼ፣ ለዚህ ሥራ ትንሿ የሽቦ ጉጠትዎ ታስፈልገኛለች፤ ግን በሰው አይላኩልኝ። በመጪው ክረምት መጥቼ ከእጅዎ እቀበላለሁ፤ ያን ጊዜም ከጎንዎ ተቀምጬ የተከመረውን አብሬዎ እጨርሳለሁ።

በእጅዎ ያደግሁ ልጅዎ፣
አምባዬ፣ ጃንጥላ ጠጋኝ